መኪናው አልነሳ ሲል፦ ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ

ይህ ጽሑፍ ነዳጅ መኖሩን ላየ፣ ማርሹ ፒ ወይም ኤን ላይ መሆኑን ላረጋገጠ፣ መብራት በርቶ እንዳላደረ ለሚያውቅ ሰው የተጻፈ ነው። መሣሪያው ጥቂት ነው፦ ዲጂታል ቴስተር፣ 10 እና 12 ቁልፍ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ በተረፈ መሪው ላይ ተቀምጦ ቁልፍ የሚያዞርልዎ ሰው። ያለ ቴስተር የሚደረግ የኤሌክትሪክ ጥገና ግምት ነው። ግምቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ባትሪው ላይ ነው። አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ ሲቀየር ገመዱን ፖሉ ላይ የሚይዘው ማሰሪያ ስለሚነካካ መኪናው ይነሳል፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። ደህናው አሮጌ ባትሪ ግን ለቆራሌው ተሽጦ ሄዷል።

ምሳሌዎቹ መንገዳችንን ከሞሉት ከቪትዝ፣ ከኮሮላ፣ ከሃይሉክስና ከላንድክሩዘር የተወሰዱ ናቸው። የቮልት ቁጥሮቹ ግን ለአብዛኛው ባለ 12 ቮልት መኪና ይሠራሉ።

የፊት መብራቱን አብርተው ቁልፉን ያዙሩ

ኮፋኖ ከመክፈትዎ በፊት ይህን ያድርጉ። የፊት መብራቱን ያብሩ፣ መብራቱ ግድግዳ ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ ወይም አንድ ሰው ከፊት ቆሞ ይመልከት፣ ከዚያ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ያዙሩ።

መብራቱ ድርግም ብሎ ከጠፋ ወይ ባትሪው ባዶ ነው፣ ወይ የባትሪው ማሰሪያ በደንብ አልያዘም። ሞተሩ እየተጎተተ ሲዞር መብራቱ አብሮ ከደበዘዘ ባትሪው ደክሟል ወይም ኃይሉ ገመዱ ላይ እየባከነ ነው። መብራቱ ምንም ሳይለወጥ አንድ ጊዜ «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ ሞተሪኖውን፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ትንሽ ሞተር፣ ይጠርጥሩ። መብራቱም አልተለወጠ፣ ድምፅም የለም ከሆነ ትእዛዙ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም። ሞተሩ በደህና ፍጥነት እየዞረ ካልተነሳ ደግሞ ባትሪውንም ሞተሪኖውንም ይተዉአቸው፤ ሥራቸውን እየሠሩ ነው።

«ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ሲል ወይም ሁሉም ነገር ድርግም ብሎ ሲጠፋ

ኮፋኖ ተከፍቶ ከሚታዩት መኪኖች አብዛኞቹ የሚመጡት በዚህ ምልክት ነው። ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል። የትንሽ ቤንዚን መኪና ሞተሪኖ ሞተሩን ሲያዞር ከ100 እስከ 200 አምፔር ይስባል፤ ናፍጣ ከዚያ ይበልጣል። ሬዲዮው፣ ክላክሱና የዳሽቦርዱ መብራት ተደምረው የሚስቡት ጥቂት አምፔር ብቻ ነው። ስለዚህ «ክላክሱ ይጮኻል፣ ባትሪው ደህና ነው» የሚለው ምንም አያረጋግጥም። በፀጉር ቀጭን የተያዘ ግንኙነት ለክላክስ ይበቃል፣ ለሞተሪኖ አይበቃም። 150 አምፔር በ0.02 ኦም ውስጥ ሲያልፍ 3 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። 0.02 ኦም ደግሞ ተራ ቴስተር ለይቶ የማያነበው ትንሽ ቁጥር ነው። ገመዱን በቴስተሩ ፉጨት «ፈትሼዋለሁ፣ ይጮኻል» የሚል ሰው ምንም አልፈተሸም፤ አንድ ክር ብቻ የቀረው ገመድም ይጮኻል።

«ቀጭ ቀጭ» የሚለውን ድምፅ የሚያወጣው ሞተሪኖው ላይ ያለው ሶሌኖይድ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሳብ ማገናኛ፣ ነው። ይሳባል፣ ኮንታክቱ ይገናኛል፣ ሞተሪኖው ብዙ አምፔር ሲጠይቅ ቮልቱ ይወድቃል፣ ሶሌኖይዱ ይለቃል፤ ሲለቅ ቮልቱ ይመለሳል፣ እንደገና ይሳባል። ድምፁ የሚነግረን ትእዛዙ መድረሱንና ኃይሉ ማነሱን ነው። ኳድሮ፣ ማለትም ቁልፉ የሚገባበትን ማስነሻ፣ ለመቀየር የሚያበቃ ምክንያት የለም።

አሁን ይለኩ። ባትሪው ቻርጅ ተደርጎ ወይም መኪናው ተነድቶ ከሆነ የፊት መብራቱን ለ2 ደቂቃ ያብሩና ያጥፉ፤ ላይ ላዩን ያለው ቮልት ይወርዳል። ትንሽ ቆይተው ሲለኩ 12.6 እና ከዚያ በላይ ሙሉ ነው፣ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ ገደማ፣ 11.8 ባዶ። ቻርጅ ተደርጎም 10.5 አካባቢ ላይ የሚቆም ባትሪ ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ሞቷል፤ ይጣል።

ቀጥሎ ያለው ልኬት ብዙ ባለሙያ የሚዘለው ነው። የቴስተሩን ጫፎች ማሰሪያው ላይ ሳይሆን ራሱ ፖሉ ላይ፣ ከባትሪው በወጣው እርሳስ መሃል ላይ ይጫኑ። ረዳትዎ ቁልፉን ያዙር። ቁጥሩ ከ9.6 በታች ከወደቀ ባትሪው ራሱ ደክሟል ወይም ባዶ ሆኗል። ቁጥሩ 12 አካባቢ ሳይነቃነቅ ቆሞ መኪናው ድርግም ካለ ግን ባትሪው ጤነኛ ነው፤ ኃይሉ ከባትሪው መውጣት አቅቶታል። ይህን ልኬት ሳያደርግ «ባትሪ ይቀየር» ለሚል ሰው ገንዘብ አይስጡ።

ከዚያ የሚባክነውን ቮልት ቦታ በቦታ ይፈልጉ፤ ሁሉም ልኬት የሚወሰደው ቁልፉ እየዞረ ሳለ ነው። አንዱን ጫፍ ፖሉ ላይ፣ ሌላውን እዚያው ፖሉን ያቀፈው ማሰሪያ ላይ ያድርጉ፤ ከ0.1 ቮልት መብለጥ የለበትም። ከፖዘቲቭ ፖል እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ዳዶ፣ ወፍራሙ ገመድ እስከታሰረበት፣ ከ0.5 አይብለጥ። ከኔጌቲቭ ፖል እስከ ሞተሩ ብረት ከ0.3 አይብለጥ፤ 0.2 ከሆነ የተሻለ ነው። ከኔጌቲቭ ፖል እስከ መኪናው አካልም እንዲሁ ይለኩ። ከፍተኛ ቁጥር ያገኙበት ቦታ የበሽታው ቦታ ነው። ቤንዚን መኪና ልኬት ሳይጨርሱ እየተነሳ ካስቸገረ የነዳጅ ፖምፓውን ፊውዝ ነቅለው ይሞክሩ። በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አያዙሩ፤ በመካከሉ አንድ ደቂቃ ያሳርፉት። ሞተሪኖ የሚቃጠለው እንዲህ ነው።

ደጋግሞ የሚመጣው መኪና ይህን ይመስላል። ቪትዝ ናት፤ ጠዋት ትነሳለች፣ ከሰዓት ሱቅ ደጃፍ ቆማ አልነሳ ትላለች፣ ማሰሪያው በእጅ ሲወዘወዝ ትነሳለች። በአንድ ዓመት ሁለት ባትሪ ተቀይሮላታል። ማሰሪያው ከውጭ ሲያዩት ያብረቀርቃል፤ ባለቤቱ ነጩንና አረንጓዴውን ዱቄት ባየ ቁጥር የፈላ ውሃ ስለሚያፈስበት ነው። ፖሉ ላይ ሲለካ 12.5፣ ማሰሪያው ላይ ሲለካ ግን ቁልፉ ሲዞር 5 ወይም 6 ቮልት። ማሰሪያው ተፈትቶ ውስጡ ሲታይ እርሳሱ ጥቁር ግራጫ ቆዳ አውጥቷል። የሚጎዳው ያ ቆዳ ነው፤ ዱቄቱ ውጭ ሆኖ ይታያል እንጂ መንገዱን የሚዘጋው ውስጥ ያለው ነው። የፈላ ውሃም ሆነ ኮካ ኮላ ማሰሪያው ተፈትቶ ካልጸዳ እዚያ አይደርስም።

የቪትዝና የመሰሎቿ ሌላው ጣጣ የፖል መጠን ነው። የጃፓን ትንንሽ ባትሪዎች ቀጭን ፖልም ወፍራም ፖልም ይዘው ይመጣሉ። ወፍራም ፖል ሲያቅፍ የኖረ ማሰሪያ ቀጭን ፖል ላይ ሲገባ እስከ መጨረሻው ቢጠብቅም ይሽከረከራል። ያኔ መፍትሄ ተብሎ ሚስማር ይገባበታል፣ የቆርቆሮ ቁራጭ ይጠቀለልበታል፣ የመዳብ ሽቦ ይጠመጠምበታል። ሚስማር የሚነካው በሁለት ነጥብ ብቻ ነው፤ 150 አምፔር በሁለት ነጥብ ሲያልፍ ይሞቃል፣ እርሳሱን ያቀልጣል። ለዚህ የሚሸጥ የእርሳስ ቀለበት አለ፤ እሱን ያስገቡ ወይም ማሰሪያውን በልኩ ይቀይሩ። ፖዘቲቩ ፖል ከኔጌቲቩ እንደሚወፍርም ይወቁ፤ ሁለቱ ማሰሪያዎች አይለዋወጡም። ባትሪ ሲገዙ መለያው መጨረሻ ላይ ያለው ኤል ወይም አር የሚለው ፊደል ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን፤ ፖሎቹ በየትኛው ጎን እንዳሉ የሚናገረው እሱ ነው። የተሳሳተውን ገዝተው ገመዱን እየጎተቱ የሚያስሩ አሉ፤ የተወጠረ ገመድ ውሎ አድሮ ይላላል ወይም ይበጠሳል።

ማሳውን አይርሱ

ማሳ፣ ማለትም ከኔጌቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ መኪናው አካል የሚሄደው ገመድ፣ ፖዘቲቩ የሚያገኘውን ትኩረት አያገኝም። በፖዘቲቭ የሄደው አምፔር ግን ሳይጎድል በማሳ ነው የሚመለሰው።

ላሜራና ቀለም ከተሠራ በኋላ አልነሳ ያለ መኪና ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ማሳው የታሰረበት ብሎን ነው። ቀለም ቀቢው ብሎኑን ፈትቶ ቀለሙን ቀብቶ በላዩ ላይ መልሶ ያስረዋል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ምልክቱ ያሳስታል፦ መብራቶቹ ይርገበገባሉ፣ አንዱ ፍሬቻ ሲበራ ሌላው አብሮ ይደበዝዛል፣ የሙቀት ጌጁ ያለ ምክንያት ይወጣል። የኮምፒውተር ምርመራ ላይ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ቦታውን እስከ ነጭ ብረቱ ፍቀው፣ ሮንዴላውን አጽድተው፣ ካሰሩ በኋላ በላዩ ላይ ቅባት ይቀቡ።

ከዚህ የሚብሰው ካምቢዮ ወይም ፍሪሲዮን ሲወርድ ተፈትቶ ሳይመለስ የሚቀረው የሞተር ማሳ ነው። ሞተሩ ጎማ ላይ ስለተቀመጠ ያለዚያ ገመድ ከአካሉ ጋር አይገናኝም። አምፔሩ ግን መንገድ አያጣም፤ በነዳጅ መስጫው ገመድ፣ በፍሪሲዮን ገመድ ወይም በማርሽ ገመድ ይመለሳል። ከጥገና በኋላ ሞተሩ እየተጎተተ ከዞረ፣ የነዳጅ መስጫው ገመድ ሽፋን ከሞቀ ወይም ላስቲክ ላስቲክ ከሸተተ ወዲያው ያቁሙ። ሽፋኑ ቀልጦ ገመዱ ሲይዝ የነዳጅ መስጫው ተጭኖ ሊቀር ይችላል፤ በሚሄድ መኪና ላይ ይህ ሕይወት ያስከፍላል። ብሎን ፈትቶ ሳይመልስ ሥራ ጨርሻለሁ የሚል መካኒክ ይቅርታ አይገባውም።

ሃይሉክስና ሌሎች አሮጌ ናፍጣዎች ላይ ገመዱ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ የበሰበሰ ይሆናል። አሲዱ ከማሰሪያው ተነስቶ በመዳቡ ክር እየተሳበ ሽፋኑ ውስጥ ይገባል። ማሰሪያው አጠገብ በጣትዎ ሲጫኑት ከተኮማተረ ወይም ካበጠ ሽፋኑን ሰንጥቀው ይዩት፤ አረንጓዴ ዱቄት ካገኙ ገመዱ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። ጫፉን ቆርጦ ማሳጠር ለሳምንታት ብቻ ነው።

የሚቀየረው ገመድ ለትንሽ ቤንዚን መኪና 25 ካሬ ሚሊሜትር፣ ለናፍጣ 50 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ንጹሕ መዳብ ይሁን። ገበያ ላይ ሽፋኑ የአውራ ጣት ያህል ወፍሮ ውስጡ የመጻፊያ እርሳስ የማያህል ሽቦ ይሸጣል። አንዱን ክር በምላጭ ይፋቁት፤ ላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ይመልሱት። ከሌላ መኪና ባትሪ ኃይል ለማበደሪያ በሚሸጡት ገመዶች ላይ «1000 አምፔር» የሚል ጽሑፍ ለማተም ምንም አያስወጣም። የጫፉ መያዣም በማሽን የተጨመቀ ይሁን፤ በፒንሳ የተቆለመመ ጫፍ ራሱ አዲስ ችግር ነው።

ማሰሪያውን ለማጽዳት ሲፈቱ ኔጌቲቩ ይቅደም፤ ሲመልሱ ኔጌቲቩ መጨረሻ ይሁን። ፖዘቲቩን ቀድሞ የሚፈታ ሰው የሚፈታበት ቁልፍ የመኪናውን አካል በነካ ጊዜ ሙሉው የባትሪ ኃይል በቁልፉ ያልፋል፤ ቀለበት ጣቱ ላይ ካለ ጣቱ ይቃጠላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ያፍስሱበት፤ ባትሪው ክዳን ያለው ከሆነ ክዳኑ የጠበቀ ይሁን፣ ሶዳው ውስጥ ከገባ አሲዱን ይገድለዋል። በንጹሕ ውሃ አጥበው ያድርቁ። ከዚያ ፖሉንም የማሰሪያውን ውስጥም የብር መልክ እስኪያወጣ ይፋቁ። ማሰሪያው እስከ ፖሉ ግርጌ ይግባ፤ ካልገባ ከፍት አድርገው ያስገቡት እንጂ በመዶሻ አይምቱ። ሲመታ ፖሉ ከውስጥ ካሉት ሰሌዳዎች ይላቀቃል፣ ባትሪው ያኔ ይሞታል። በአጭር 10 ቁልፍ፣ በእጅ አንጓ ኃይል ብቻ ያጥብቁ። ቅባት የሚቀባው ከታሰረ በኋላ ከላይ ነው፤ ቀድሞ አይቀባም። ከማሰሪያው ብሎን ጋር የታጨቁትን የአላርም፣ የጂፒኤስና የቴፕ ሽቦዎች ያውጡ፤ በፊውዝ በኩል ሌላ ቦታ ይታሰሩ።

ባትሪው በእርግጥ ሲደክም

ልኬቱ ባትሪው ነው ካለ፣ ከመቀየሩ በፊት ለምን እንደደከመ ይወቁ። ሞተሩ ሲሠራ ፖሉ ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መታየት አለበት። መብራትና ንፋስ ማፍያው በርተው ከ13.3 በታች ከወረደ ዲናሞው፣ እሱን የሚያዞረው ቺንጋ ወይም ሽቦው ይታይ። ከ15 በላይ ከሆነ ዲናሞው ባትሪውን እያፈላ ነው፤ አዲሱንም ይገድለዋል።

ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ማሰሪያ ነቅሎ ዲናሞ መፈተሽ ይቅር! ይህ ልማድ የካርቡሬተር ዘመን ቅሪት ነው። ባትሪው ሲለይ ዲናሞው በቅጽበት በብዙ አሥር ቮልት ይዘላል፤ የሞተሩን ኮምፒውተር፣ የኤርባጉን ሳጥን፣ የዲናሞውን ዳዮድ ሊያቃጥል ይችላል። ቴስተር የዚያን ኮምፒውተር ዋጋ ጥቂት በመቶ አያህልም። ማንም ሰው መኪናዎ ላይ እንዲህ እንዲያደርግ አይፍቀዱ።

ክዳን ያለው ባትሪ የሚሞላው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፣ ሰሌዳዎቹን ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር እስኪሸፍን። አሲድ አይጨመርም፤ የቧንቧ ውሃም አይሆንም። እንደ ድሬዳዋ፣ ሰመራና ጋምቤላ ባሉ ሞቃት ቦታዎች ውሃው በየወሩ ይታይ።

ማታ ደህና ሆኖ ጠዋት ባዶ የሚሆን ባትሪ ግን የሚያፈሰው ነገር አለ። ሁሉንም ያጥፉ፣ በሮቹን ይዝጉ፣ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ ከዚያ የኔጌቲቩን ማሰሪያ ፈትተው፣ ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርገው በኔጌቲቭ ፖልና በማሰሪያው መካከል ያስገቡ። ከ50 ሚሊአምፔር በታች ከሆነ ደህና ነው። ግማሽ አምፔር ከታየ በቀን 12 አምፔር ሰዓት ይሄዳል፤ ባለ 45 ባትሪ በሁለት ቀን ግማሹን ያጣል። ፊውዞችን አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ ሲነቀል ቁጥሩ የወደቀበት መስመር ጥፋተኛው ነው። ብዙ ጊዜ በኋላ የተጨመረ ጂፒኤስ፣ አላርም ወይም ቴፕ ይገኛል። ቴስተሩ በዚህ ሁኔታ እንዳለ ቁልፍ አይዙር፤ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል።

ከሌላ መኪና ሲያበድሩ ቀዩ ከደከመው ፖዘቲቭ ወደ ደህናው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ከደህናው ኔጌቲቭ ወደ ደከመው መኪና የሞተር ብረት ይሂድ፤ ወደ ደከመው ባትሪ ኔጌቲቭ አይሁን። ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ የመጨረሻው ብልጭታ ከእሱ መራቅ አለበት። ባትሪ ላይ ክብሪት ጭሮ ውሃ ማየት ዓይን ያጠፋል። አሲድ ዓይን ከነካ 15 ደቂቃ ሙሉ በውሃ እያጠቡ ወደ ሐኪም። ገመዱ ተገላቢጦሽ ታስሮ ድንገት ብልጭ ብሎ ሁሉም ነገር ከሞተ ዋናውን ትልቁን ፊውዝ ይዩ፤ ቶዮታ ላይ ባትሪው አጠገብ ካለው ሳጥን ውስጥ ነው። እሱ ብቻ ተቃጥሎ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት። በሽቦ ግን አይቀጥሉት።

አንድ «ቀጭ» ብሎ ዝም ሲል

መብራቱ አይደበዝዝም፣ «ቀጭ» ይላል፣ አምስት ወይም አሥር ጊዜ ሲሞከር በድንገት እንደ አዲስ ይነሳል። ቶዮታ ላይ ይህ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የዴንሶ ሞተሪኖው ሶሌኖይድ ውስጥ ያሉት ሁለት የመዳብ ኮንታክቶች መበላት ነው። ለማረጋገጥ ቁልፉ እየዞረ ወፍራሙ ዳዶ ላይ 12 አካባቢ፣ ቀጭኑ የትእዛዝ ሽቦ ላይ ቢያንስ 10 ቮልት ካለ እና ካልዞረ ችግሩ ውስጥ ነው።

ሙሉ ሞተሪኖ መግዛት አያስፈልግም። ኔጌቲቩን ፈትተው ሞተሪኖውን ያውርዱ፣ የሶሌኖይዱን ክዳን ሦስት ብሎኖች ይፍቱ፣ ኮንታክቶቹን በጥንድ ይቀይሩ፤ ከባትሪ በኩል ያለው የበለጠ ተበልቶ ያገኙታል። ሲታሰሩ እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ፤ አንዱ ከፍ ካለ ያው ችግር ነው። የሚገፋውን መዳብ ክብ ያለስልሱ፣ ጎድጉዶ ከሆነ ይቀይሩ። አምፔሩን ለሚዞረው ክፍል የሚያቀብሉትን ካርቦኖችም እግረ መንገድዎን ይዩ። ቢጫ ናስ ቆርጠው መዳብ ነው ብለው የሚሸጡ አሉ፤ ከወር በላይ አይቆይም፣ አንዳንዴም ተጣብቆ ይቀርና ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ሞተሪኖው እየዞረ ራሱን ያቃጥላል።

ሞተሪኖን በመዶሻ መምታት ካርቦን ያለቀበትን ለአንድ ቀን ያስነሳል። የአዳዲሶቹ ሞተሪኖዎች ማግኔት ግን ሲመታ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ በኋላ ጥገና የለውም። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሲገዙ በባትሪ ሲዞር ማየት አይበቃም፤ ባዶውን ሁሉም ይዞራል። ክዳኑን አስከፍተው ኮንታክትና ካርቦኑን ይዩ፣ ቦኮላው፣ ማለትም ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት፣ ላይ ዘንጉን ወዝወዝ ያድርጉት።

ምንም ድምፅ ሲያጣ

አውቶማቲክ ከሆነ ኤን ላይ አድርገው ይሞክሩ፤ ከተነሳ የማርሽ ስዊቹ ነው። ማኑዋል ከሆነ በአንዳንዶቹ የፍሪሲዮን ፔዳል ስዊች አለ። የሞተሪኖውን ሬሌ እዚያው የፊውዝ ሳጥን ውስጥ ካለ ተመሳሳይ ሬሌ ጋር ይለዋውጡ፣ የማስነሻውን ፊውዝ በቴስተር ይለኩ። እነዚህ ደህና ከሆኑና ቀጭኑ ሽቦ ላይ ቮልት ካልመጣ ወይም 7 እና 8 ላይ ከቀረ ኳድሮው ውስጡ ተበልቷል። ከስሩ ያለው የኤሌክትሪክ ክፍል ብቻውን ይቀየራል፣ ቁልፉ አይነካም።

የማርሽ ስዊቹን በሽቦ አገናኝቶ ማለፍ ሰው ይገድላል። መኪናው ዲ ላይ እያለ ቁልፍ ሲዞር ወደፊት ይወረወራል፤ ፊት ለፊት የቆመው ብዙ ጊዜ ኮፋኖ የከፈተው ሰው ነው። የቤት ደወል ቁልፍ ገጥሞ ያለ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪ ማስነሳትም ሽቦ ያቃጥላል፣ መኪና ያነድዳል።

እየዞረ ካልተነሳ

ቁልፉ ኦን ላይ ሆኖ የቼክ ኢንጂን መብራቱ ጭራሽ ካልበራ የሞተሩ ኮምፒውተር ኃይል አላገኘም፤ ዋናውን ሬሌና ፊውዙን ይዩ። የቁልፍ ምልክቷ እየበራች እየጠፋች ከቀጠለች መኪናው ቁልፉን አላወቀውም፤ ሁለተኛውን ቁልፍ ይሞክሩ። ብዙ ቶዮታዎች የነዳጅ ፖምፓውን ኦን ላይ አያስነሱም፣ ሞተሩ ሲዞር ነው የሚሠራው፤ «ድምፅ አልሰማሁም» ብሎ ታንከር ማውረድ አይገባም፣ ረዳት ቁልፉን እያዞረ ፖምፓው ሶኬት ላይ 12 ቮልት ይለካ። ሲሞቅ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ሞተር የሞተሩን መዞር የሚያነበው የክራንክ ሴንሰሩ ይፈተሽ። ከላቫጆ ከወጣ በኋላ አልነሳ ካለ ካንዴላ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ገብቷል ወይም ሶኬት ረጥቧል፤ ካንዴላዎቹ ላይ የተቀመጡትን ቦቢናዎች አውጥተው ያድርቁ። ሞተር በግፊት ውሃ አይታጠብም።

አሮጌ ናፍጣ፣ ለምሳሌ ባለ 3ኤል ሃይሉክስ ወይም ባለ 1ኤችዜድ ላንድክሩዘር፣ ናፍጣ ፖምፓው ላይ ነዳጅ የምትዘጋ ሶሌኖይድ አለችው። ሽቦዋ ከወለቀ የፈለገውን ያህል ቢዞር አይነሳም። ኦን ላይ 12 ቮልት ይኑራት፤ ሽቦውን ነካ ነቀል ሲያደርጉ «ቀጭ» ትበል። ደብረ ብርሃን ላይ ወይም ክረምት አዲስ አበባ ላይ ጠዋት ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ የማሞቂያ ካንዴላዎቹን ይፍቱና ኦም ይለኩ፤ ምንም የማያነብ የሞተ ነው።

አይጥ ሽቦ በልታ ከሆነ ጠረኑና ፍርፋሪው ይታያል። የኤሌክትሪክ መኪናም ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ስትሞት ጭራሽ አይነቃም፤ እሷን ይለኩ፣ ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸውን ገመዶች ግን አይንኩ።

ጥገናው ካለቀ በኋላ የባከነውን ቮልት እንደገና ይለኩና ቁጥሩን ኮፋኖው ውስጥ ቀለም በማይለቅ ብዕር ይጻፉት። ከሳምንት በኋላ ማሰሪያዎቹን በእጅዎ ለማዞር ይሞክሩ፤ እርሳስ ሲለምድ ትንሽ ይላላል፣ የሩብ ዙር ማጥበቂያ ይፈልጋል።